ባሌ 60 ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ የሪዘርቭ ጡረታው ለእኔ ይተርፋል?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ (በተጠባባቂው ጦር) ከ1996 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. 22 ዓመት አገልግሏል። ባለፈው ዓመት፣ በ2024፣ በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ጡረታው 60 ሲሞላው እንደሚጀምር ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። ስልክ ደውዬ ስጠይቅ ‹በስሙ የተከፈተ ሒሳብ የለም፣ ጡረታ አልጀመረም› አሉኝ። ወንድሙ ደግሞ ‹60 ካልሞላው በቃ፣ ተረሺው› ይላል። የተጋባነው አዲስ አበባ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እኔ 48 ዓመቴ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ አለን። የፈረመው ወረቀት ካለም አላውቅም። እውነት ምንም የለኝም?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎንና ልጅዎን ያጽናችሁ።

አጭሩን ላስቀድም። ከነገሩኝ ስነሳ መብት ያለዎት ይመስለኛል፤ ያውም ጠንከር ያለ። የባለቤትዎ ወንድም ያሉት ለሟቹ ለራሳቸው እውነት ነው፤ እሳቸው ያን ጡረታ ሳይበሉት ቀሩ። የእርስዎ አበል ግን 60 ዓመት መሙላት አለመሙላታቸውን ብቻ አይቶ አይወሰንም። የሚወስነው 20 ዓመት ሲሞላቸው የመጣላቸው ደብዳቤና ከዚያ በኋላ በነበሩት 90 ቀናት የተፈረመው ወይም ሳይፈረም የቀረው ቅጽ ነው። ያን ፋይል ሳያይ «ምንም የለሽም» የሚል ሰው ቢሮ ውስጥም ይቀመጥ ለቅሶ ቤት፣ አይስሙት።

ስልክ ላይ የሰሙትም ግራ ያጋባል እንጂ ውሸት አይደለም። የጡረታ ገንዘብ የሚከፍለው የመከላከያ ፋይናንስና ሒሳብ አገልግሎት፣ ሁሉም ዲፋስ የሚለው፣ በስማቸው ሒሳብ የሚከፍተው ጡረታው መከፈል ሲጀምር ነው። ባለቤትዎ ግን አገልግሎታቸውን ጨርሰው 60 እስኪሞላቸው እየጠበቁ ነበር። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ወታደሮቹ «ግሬይ ኤሪያ» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ያለ ሰው ፋይል የሚገኘው ሲያገለግልበት በነበረው ጦር የሰው ኃይል ቢሮ ነው። የምድር ጦር ሪዘርቭና የምድር ጦር ናሽናል ጋርድ ከሆነ ፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ ያለው የሰው ኃይል ዕዝ ነው። ስለዚህ ዲፋስ «ሒሳብ የለም» ሲል «መብት የለም» ማለቱ አይደለም። ስንት ሰው እዚህ ጋ ስልኩን ዘግቶ ቀርቷል!

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሪዘርቭ ውስጥ ጡረታ ለማግኘት 20 «ብቁ ዓመት» ያስፈልጋል። ብቁ ዓመት ማለት ቢያንስ 50 ነጥብ የተያዘበት ዓመት ነው። አባል በመሆን ብቻ በዓመት 15 ነጥብ ይገኛል። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ልምምድ የሚወጣ ሰው በእያንዳንዱ ወር 4 ነጥብ ይይዛል፤ በዓመት 48 ማለት ነው። የበጋው ሁለት ሳምንት ሥልጠና በቀን አንድ ነጥብ ይጨምራል። በወጉ ያገለገለ ሰው እንግዲህ 50ን በቀላሉ ያልፋል። ችግሩ ልምምድ የተዘለለባቸው ወይም ክፍል የተቀየረባቸው ዓመታት ላይ ነው። 22 ዓመት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው 22 ብቁ ዓመት አለው ማለት አይደለም። 19 ብቻ ሆኖ የተገኘበትም አለ። 20 ካልሞላ ደግሞ፣ ሞቱ ከአገልግሎት ጋር ካልተያያዘ በስተቀር፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የነጥብ መግለጫቸውን ያስወጡ።

20 ብቁ ዓመት ሲሞላ ጦሩ ደብዳቤ ይልካል። «የ20 ዓመት ደብዳቤ» ይሉታል። ባለቤትዎ ዓመታቱን ሳያቋርጡ አገልግለው ከሆነ በ2016 ወይም በ2017 ደርሷቸዋል። ቤት ውስጥ ፈልጉት። መሳቢያውን፣ ወታደራዊ ሻንጣቸውን፣ የቆየ ኢሜይላቸውን፣ የድሮ የግብር ፋይላቸውን ጭምር ፈትሹ። ባይገኝም ጉዳዩ አይሞትም፤ ቅጂው ፋይላቸው ውስጥ መኖር አለበት።

ደብዳቤው ሲመጣ ሦስት ምርጫ አብሮ ይመጣል። የሪዘርቭ የተተኪዎች አበል የሚባለው ይኸው ነው፤ ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው። ቅጹ ዲዲ 2656-5 ይባላል። ምርጫ ኤ ማለት «አሁን አልወስንም፣ 60 ሲሞላኝ እናያለን» ነው። ኤ የመረጠ ሰው ከ60 በፊት ቢሞት ለሚስቱ ምንም አይተርፋትም። ምርጫ ቢ ከሆነ ሚስት አበሉን የምታገኘው ሟቹ 60 ይሞላው በነበረበት ቀን ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ እንደ ልደታቸው ቀን 2029 ወይም 2030 ላይ። ምርጫ ሲ ደግሞ ከሞቱ ማግስት ጀምሮ የሚከፈል ነው።

አገር ቤት የተተኪ ጡረታ የሚታወቅ ነገር ነው። ጡረተኛው ሲያርፍ ለሚስት 50 በመቶው በሕግ ይተላለፋል፣ ማንም ቅጽ ሙላ አይልም። እዚህ ግን መነሻው ምርጫ ነው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታለለው በዚህ ነው፤ ወይ «በራሱ ይመጣል» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ያልተፈረመ ነገር ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል።

የጠፋ ሊመስልዎ የሚችለው ነው እንግዲህ እርስዎን የሚያድንዎ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። ከዚያ ቀን በፊት ቅጹን ያልመለሰ ወታደር እንዳልመረጠ ይቆጠርና ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለትዳር የሆነ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ቅጹን ካልመለሰ ሕጉ ራሱ ምርጫ ሲን፣ ያውም በሙሉ መጠን፣ ይሞላለታል። ኤ ወይም ቢ ልምረጥ ቢል፣ ወይም መጠኑን ልቀንስ ቢል፣ የሚስቱ ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል። ፊርማዋም ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት መሆን አለበት።

የእርስዎ ጋብቻ ከደብዳቤው 12 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ። በ2016 እና በ2017 አካባቢ ባንክ ወይም ሌላ ቦታ ሄደው፣ ኖተሪ ፊት፣ የባለቤትዎን የጦር ወረቀት ፈርመዋል? ካልፈረሙ ፋይሉ ላይ ሊኖር የሚገባው ሲ ነው። ባለቤትዎ ረስተውት መሳቢያ ውስጥ ጥለውት ቢሆን እንኳ ሲ ነው። ኤ ብለው ብቻቸውን ፈርመው ልከውት ቢሆንም የእርስዎ ፊርማ የሌለበት ኤ አይጸናም።

ፈርመው ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ነገሩ ይከብዳል። «ፈርሚ አለኝ፣ ምን እንደሆነ አላየሁም» የሚለውን ከብዙ ሴቶች ሰምቻለሁ፤ ያሳዝናል፣ ግን ብቻውን ፊርማን አይሽርም። የኖተሪው ማኅተም ከሌለበት፣ ቀኑ ከ90 ቀኑ ውጭ ከሆነ፣ ወይም ፊርማው የእርስዎ ካልሆነ የጦሩ የመዝገብ ማስተካከያ ቦርድ ዘንድ በዲዲ 149 ቅጽ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ስህተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

አንድ ሌላ የሚጣራ ነገር አለ። ከዲሴምበር 23 ቀን 2022 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ሕጉ ልዩ በር ከፍቶ ነበር። ያልተመዘገበ ሰው መግባት፣ የተመዘገበ ደግሞ መውጣት ይችል ነበር። ለመውጣትም የሚስት ስምምነት ግድ ነበር። በዚያን ጊዜ ባለቤትዎ ያስገቡት ወረቀት ካለ አብሮ ይጠየቅ።

ስንት ነው የሚመጣው? ልክ ያለውን ቁጥር የነጥብ መግለጫው ይነግረናል። ስሌቱ ግን ይህን ይመስላል። ነጥቡ ለ360 ይካፈላል፤ የሚወጣው ቁጥር ዓመት ነው። እያንዳንዱ ዓመት 2.5 በመቶ ነው። መቶኛው ከፍተኛ ክፍያ ባለባቸው 36 ወራት በሚገኘው አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ይባዛል። ለምሳሌ ባለቤትዎ 2,880 ነጥብ ነበራቸው እንበል። 8 ዓመት፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። አማካይ ደመወዙ 5,500 ዶላር ከሆነ ጡረታው በወር 1,100 ዶላር ነው። የእርስዎ ድርሻ የዚያ 55 በመቶ፣ 605 ዶላር ይመጣል። ከእሱ ላይ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ለተሰጠው ሽፋን የሚታሰብ ተቀናሽ አለ። በየዓመቱ ደግሞ ከኑሮ ውድነት ጋር ከፍ ይላል። የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ አውቃለሁ። ግን የዕድሜ ልክ ገንዘብ ነው። ምርጫ ሲ ከሆነ ካረፉበት ማግስት ጀምሮ ያለው ውዝፍም ይከፈልዎታል። ግብር እንዳለበት ግን አይርሱ።

ወደ ጋብቻው ማስረጃ ልምጣ። የእኛ ሰዎች ጉዳይ የሚንጓተተው በብዛት እዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መሆኑ አያስፈራዎ። ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ ከሆነ አሜሪካም ይቀበለዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ሦስቱንም ያውቃል። ችግሩ ወረቀቱ ነው። የደብሩ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ካለዎት በወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡትና የተረጋገጠ ሰርተፍኬት ያውጡ። አገር ቤት ያለ ዘመድ ውክልና ይዞ ሊጨርሰው ይችላል።

ከዚያ ትርጉሙን ቁጭ ብለው በዓይንዎ ይዩት። የጋብቻ ቀንዎ ጥር 16 ቀን 1996 ነው እንበል። ትክክለኛው ፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 25፣ 2004 ነው። ተርጓሚው ቀኑን ሳይቀይር «1996» ብሎ ካለፈ ምን ይፈጠራል? ባለቤትዎ ሪዘርቭ የገቡት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የሞሉት ቅጽ ላይ ደግሞ «ያላገባ» ተብሎ ተጽፏል። ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጥ አንዱ ሐሰት ይመስላታል። ፋይሉ ይቆማል። ክፋት የለባትም፤ አቆጣጠራችንን ከየት ታውቀዋለች? ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ቀን እንዲጻፍና አቆጣጠሩ እንዲጠቀስ ያድርጉ።

ስምም እንደዚሁ ነው። እርስዎ በአባትዎ ስም፣ ባለቤትዎ በአባታቸው፣ ልጃችሁ ደግሞ በባለቤትዎ ስም ትጠራላችሁ። አንድ ቤት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም! ለፈረንጅ ቢሮ ይህ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው። በአንድ ገጽ ደብዳቤ የኢትዮጵያን የስም አወጣጥ ያስረዱና ከማመልከቻው ጋር ያያይዙት። የወታደር ቤተሰብ አይዲ ኖሮዎት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ እሰየው። አይዲ የተሰጠዎት ጦሩ ጋብቻዎን አንድ ጊዜ መርምሮ ስለተቀበለ ነው። የአይዲውን ቅጂ አብረው ይላኩ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ጋብቻው ከ20 ዓመት ደብዳቤው በኋላ የተፈጸመ ከሆነ ሕጉ ይለያል። ወታደሩ በተጋባ በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቱን ማስመዝገብ ነበረበት። ትዳሩም እስኪሞት ድረስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ፣ ወይም ልጅ የተወለደበት መሆን አለበት። የፈታት ሚስት ካለች ደግሞ የፍቺው የፍርድ ቤት ውሳኔ መታየት አለበት። ውሳኔው አበሉን ለእሷ ሰጥቶ እሷም በአንድ ዓመት ውስጥ አሳውቃ ከሆነ የአሁኗ ሚስት ላታገኝ ትችላለች። በእርስዎ ጥያቄ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

እርስዎ ያልጠየቁኝን ግን ሁሉም የሚያስበውን ልመልስ፤ 48 ዓመት ገና ነው። ከ55 ዓመትዎ በፊት ሌላ ትዳር ቢመሠርቱ አበሉ ይቆማል። ይቆማል እንጂ አይሰረዝም፤ ያ ትዳር በሞት ወይም በፍቺ ካበቃ ተመልሶ ይከፈላል። 55 ከሞላዎ በኋላ ቢያገቡ ደግሞ ማንም አይነካብዎትም። እስከ 55 ድረስ ዲፋስ በየዓመቱ ያላገቡ መሆንዎን የሚያረጋግጡበት ወረቀት ይልካል። አድራሻ ቀይረው ወረቀቱ ሳይደርስዎ ቢቀር ክፍያው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ አድራሻዎን አድሱ። ባለቤትዎ «ሚስትና ልጅ» ብለው መርጠው ከሆነ፣ እርስዎ ብቁ በማይሆኑበት ጊዜ አበሉ ወደ ልጅዎ ያልፋል። ልጁ እስከ 18፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ እስከ 22 ዓመቱ ድረስ ያገኛል።

የጤና መድኅኑ፣ ትራይኬር፣ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። ለእርስዎ የሚጀምረው ባለቤትዎ 60 ይሞላቸው በነበረበት ቀን ነው። እስከዚያ በክፍያ የሚገኘው የሪዘርቭ ጡረተኞች ትራይኬር አለ፤ ባለቤትዎ ሲያርፉ ገብተውበት ከነበረ መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ስለ ሁለተኛ ትዳር ያለው የትራይኬር ሕግ ከአበሉ ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው። ለማግባት ሲያስቡ አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን የምለው ግን አጣዳፊ ነው። ባለቤትዎ ከቪኤ፣ ከአሜሪካ የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የአካል ጉዳት አበል ይቀበሉ ነበር? ወይስ ወደ ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን ወይም ኩዌት ዘምተው ነበር? የልባቸው ሕመም ከአገልግሎታቸው ጋር መያያዙ ከተረጋገጠ ዲአይሲ የሚባል ሌላ ወርሃዊ አበል አለ። በ2025 ለአንድ ባል የሞተባት ሴት 1,653 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይጨመርበታል፣ ግብርም የለበትም። ድሮ ይህን ያገኘች ሴት ከጦሩ አበል ላይ በዚያው ልክ ይቆረጥባት ነበር። በትዳር ጓደኞቻቸው ሞት ላይ የተጣለ ግብር ነው እያሉ ሴቶቹ ለዓመታት ኮንግረስ ደጅ ጠኑ። ቅነሳው ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል፤ ሁለቱንም ያገኛሉ። የዲአይሲ ማመልከቻ፣ ቅጽ 21ፒ-534ኢዜድ፣ ካረፉ ዓመት ሳይሞላ ከገባ ክፍያው ካረፉበት ወር ጀምሮ ይታሰባል። ከዘገየ ከማመልከቻው ወዲህ ነው። ዓመቱ ሊሞላ ከሆነ ሌላውን ሁሉ አቆይተው ይህንን ነገ ያስገቡ።

የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲም አለ። እርስዎ ልጅዎ 16 እስኪሞላው ድረስ እንደ እናት፣ ልጅዎም 18 እስኪሞላው ድረስ እንደ ልጅ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወደ ኋላ የሚከፍሉት ቢበዛ ስድስት ወር ስለሆነ ይህም አይደር።

ከየት ይጀምሩ? ወደ ፎርት ኖክስ ደውለው «ግሬይ ኤሪያ ላይ የነበረ ጡረተኛ ሞት ማሳወቅ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ይህንን አባባል እንዳለ ይያዙት፤ «የባሌን ጡረታ እፈልጋለሁ» ካሉ ወደ ዲፋስ ይመልሱዎታል። የ20 ዓመት ደብዳቤውን፣ የ2656-5 ቅጹን እና የነጥብ መግለጫውን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ፋይሉ እዚያ የለም ካሉ በኤስኤፍ 180 ቅጽ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ያለውን የወታደር መዝገብ ማዕከል ይጠይቁ። ሌላ ትዳር ያልመሠረቱ ሚስት እንደመሆንዎ የቅርብ ቤተሰብ መብት አለዎት። የአበሉ ማመልከቻ ዲዲ 2656-7 ነው። የሞት ሰርተፍኬቱ የሞቱን ምክንያት የያዘው ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ሦስት አራት ቅጂ ያውጡ፣ ሁሉም ጋ ይጠይቁዎታል።

ብቻዎን መጋፈጥ የለብዎትም። ዲሲ አካባቢ ከሆኑ ፎርት ቤልቯርና ፎርት ሚድ የጡረታ አገልግሎት ቢሮ አላቸው። ሌላ ቦታ ከሆኑም ቅርብዎ ያለውን የጦር ሰፈር ይጠይቁ። ለዲአይሲው ደግሞ የካውንቲው የአርበኞች ጉዳይ ሠራተኛ አለ። ሁሉም በነጻ ነው። «እኔ አስጨርስልሻለሁ፣ ከውዝፉ 20 በመቶ ትሰጪኛለሽ» የሚል ወንድም ቢመጣ ቡናውን አጠጥተው ይሸኙት።

ይህን ለሚያነቡና ባላቸው ከብዙ ዓመት በፊት ላረፉባቸው ሴቶችም፦ ውዝፍ የሚከፈለው በስድስት ዓመት ተገድቦ ነው። ከዚያ ያለፈው ወር ይቀራል፤ የወደፊቱ ወርሃዊ አበል ግን መብቱ ካለ ዛሬም ይጠየቃል። እርስዎ እህቴ፣ የ2656-5ቱ ቅጂ እጅዎ ሲገባ ምርጫው ላይ የተጻፈው ፊደልና የፊርማው ቀን ምን እንደሚል ጽፈው ይላኩልኝ። ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን አይላኩ።